ሳይመደቡ መምጣት

የኢትዮጵያ ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን አይቶ አይመርጥም። ፎርም ይሞላል፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ እያለ ይደረድራል፤ ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ምደባው ስልኩ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ካርታ መክፈት ነው። ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ እዚያ የተማረ ሰው ያፈላልጋል። «ብርድ ነው ሙቀት?» «ውሃስ አለ?» «ካፌው እንዴት ነው?» ስለ ትምህርት ክፍሉ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም፤ እሱም በተራው ሌላ ምደባ ስለሆነ ጊዜው ገና ነው። እኔም ባዮሎጂ የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ግቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ፍራሽ ተሸክሜ ነው።

ዲግሪው ከተያዘ በኋላ ግን ነገሩ ትንሽ ይላላል። በተማረው የትምህርት ዓይነት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማር የፈለገ ሰው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ያስፈልገዋል፤ ሁላችንም ፒጂዲቲ ነው የምንለው። ይህን የት እንደሚማር ራሱ ማሰብ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያለ ሥልጠና ማለት ነው። ክፍል ገብቼ የማውቀውን እናገራለሁ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ደወል ይደወላል። ሥራው ይህ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር፣ ከመመዝገቤ በፊት፣ ዲላን ሄጄ ላየው ወሰንኩ። ለምን ዲላ? ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲወለድ የመምህራን ኮሌጅ ነበር። መምህር ለማፍራት ተብሎ የተከፈተ ቤት ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግሁ።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ነው። ኅዳር የቡና ለቀማ ወር ስለሆነ ከሐዋሳ በኋላ መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ስለ ዋጋ ነበር፤ ቀይ እሸት በኪሎ ስንት ገባ፣ ማን ያዘ፣ ማን ሸጠ። ስለ መምህርነት የሚያወራ አልነበረም። ባይኖር አይገርምም።

በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን እያገላበጡ «ምን ጉዳይ ነው?» አሉኝ።

«ግቢውን ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ማንን ልታዪ?»

«ማንንም። ግቢውን። ልማርበት አስቤ፣ ከመመዝገቤ በፊት ልየው ብዬ።»

«ተመድበሽ ነው?»

«አልተመደብኩም።»

ትንሽ አሰቡበትና «ሳይመድቡሽ ነው የመጣሽው?» ብለው ሳቁ። ፈትሸው አስገቡኝ።

አሜሪካ ቢሆን ይህ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ወላጅ ልጁን መኪና ውስጥ ከትቶ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ግቢ ውስጥ አንድ የተማሪ አስጎብኚ ወደ ኋላ እየተራመደ «ይኸ ቤተ መጻሕፍታችን ነው፣ ይኸ መመገቢያችን» ይላል። በፊልም አይታችሁት ይሆናል። እኛ ጋ ጥበቃው ቢገረሙ አልፈርድባቸውም። ግን ነገሩ ለእኛ እንግዳ የሆነው መቼ ጀምሮ ነው ብዬ ሳስብ መልሱ ብዙም ሩቅ አልሆነብኝም። የእኛ አገር ተማሪ ድሮ በእግሩ ሄዶ ነበር የሚመርጠው።

የቆሎ ተማሪን አስቡት። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ድጓ ያለ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያለ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ያለ ወደ ጎንደር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ይደርሳል፤ የመምህሩን ጉባኤ ያያል፤ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይቀጥላል። የሚመርጠው ሕንፃ አልነበረም፣ ሰው ነው። ማስተማር ሲፈልግም በዚያ ዘርፍ ስሙ የተጠራ ጉባኤ ቤት ሄዶ መመስከር አለበት፤ የድጓ መምህር ቤተልሔም ተመስክሮለት ሲመጣ ነው ሙሉ የሚሆነው። ይህን ስል ያን ሥርዓት ልሞግትለት አይደለም። ረሃቡም፣ በሽታውም፣ ሴት ልጅ ከነጭራሹ በዚያ መንገድ ላይ አለመታየቷም አይረሳኝም፤ እኔ በዚያ ዘመን ብኖር አኩፋዳ የሚሰጠኝ አልነበረም። ግን መምህር ለመሆን የሚሄደው ሰው በራሱ እግር ነበር የሚሄደው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ አቅጣጫው ተገለበጠ። መምህሩ ወደ ተማሪው የሚላክ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በኋላ መምህር የማሠልጠን ሥራ በ1930ዎቹ አጋማሽ እዚያው ምኒልክ ግቢ ውስጥ ተጀምሮ ወደ ጉለሌ ተዛወረ፤ ቆይቶ ሐረርና ደብረ ብርሃን ላይ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። ቁጥሩ ግን መቼም አልበቃም። ሁለተኛ ደረጃው ለብዙ ዓመታት የቆመው በውጭ ሰው ነው፤ እናትና አባቶቻችን ስለ ህንዳዊ የሒሳብ መምህራቸው የሚያወሩት ወግ ከዚያ የተረፈ ነው። በ1955 የትምህርት ዘመን ደግሞ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ።

ከዚያ ነው የራሳችን ልጆች መላክ የጀመሩት። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛው ያገለገለው በማስተማር ነው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። የአዲስ አበባ ተማሪ አገሩን ያየው በዚህ ነው። ጭሰኛውን፣ ባለ መሬቱን፣ የአውራጃ ገዢውን። የተማሪው ንቅናቄ እየከረረ ለመሄዱ አንዱ ምክንያት ይኸው የአንድ ዓመት መምህርነት እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይስማሙበታል።

እዚህ ላይ ስለ ዲላ አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንም። «መሬት ላራሹ» ብለው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አደባባይ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው። ጌዴኦ ውስጥ ግን ገበሬው በ1952 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር። ያኔ አካባቢው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ይባላል፤ ዲላ የአውራጃው ከተማ ናት። ቡና ዋጋ ሲያወጣ ባለ መሬቱ ከጭሰኛው ምርት የሚጠይቀውም አብሮ ወጣ። ሚችሌ ላይ ገበሬዎቹ ከባለ መሬቶችና ከመንግሥት ኃይል ጋር ተጋጩ፤ በመሣሪያ የማይመጣጠን ግጭት ስለነበር ብዙ ሰው አለቀ። ተማሪው መፈክሩን ከማንሣቱ አምስት ዓመት በፊት ማለት ነው። እኔ በትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ስቀመጥ ሚችሌ የሚል ቃል አንድ ቀን አልሰማሁም። የታሪክ መምህሬን አልወቅስም፤ እሱም አልተነገረውም ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲ ተልኮ የሚመጣ መምህር ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚያስተምረው ክፍል ውስጥ አባቱ ሚችሌ የወደቀበት ልጅ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ግን ሥራው ከባድ ይሆንብኛል።

በየካቲት 1966 መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ ታክሲዎችም ያን ቀን ቆሙ፤ የሆነውን ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 1967 ደግሞ ደርግ ተማሪውንና መምህሩን በሙሉ፣ ስልሳ ሺህ ገደማ ሰው፣ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ላከው። ሦስት ወር ሳይሞላ የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። የጌዴኦ ጭሰኛ ከ1952 ጀምሮ የጠየቀውን ነገር የያዘ ወረቀት ሲታወጅ በየቀበሌው ሊያስረዱት የተመደቡት እነዚሁ ዘማቾች ነበሩ።

ተመደቡ። ይኸ ቃል አይለቀንም።

አጎቴ በደርግ ዘመን መምህር ነው የሆነው። ማሠልጠኛ ሲጨርሱ ዕጣ ነበር የሚያወጡት። አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው እጃቸውን ዕቃ ውስጥ ይከቱና የሚኖሩበትን አገር ያወጣሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ይለዋወጣል፤ እጮኛሞች የሚለያዩት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለአጎቴ ሲዳሞ ደረሰው። እስከ ዛሬ ድረስ «ማስተማር እንዴት ጀመርክ?» ብትሉት «ዕጣ ወጣልኝ» ነው የሚላችሁ። ዕጣ የሚለው ቃል እኛ ጋ ዕድልም ነው፤ እሱ የቱን ለማለት እንደፈለገ ጠይቄው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ግን አስተምሯል፤ ደብተራቸውን ያረመላቸው ሰዎች ዛሬም በዓል ሲመጣ ይደውሉለታል።

ከዚያ ዘመን ለእኔ በጣም የሚደንቀኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በሐምሌ 1971 ሲጀመር አገሪቱ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ በዩኔስኮ በኩል ተሸልሟል። ሽልማቱን ሁሉም ያነሣዋል። እኔን የሳበኝ ሌላው ነው፤ ዘመቻው ውሎ አድሮ የተካሄደው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን ጌዴኦኛ አንዱ ነበር። አንድ የጌዴኦ አባት በማታ ብርሃን ተቀምጠው የራሳቸውን ቋንቋ በፊደል ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል ነው የተዘጋጀው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጌዴኦኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ፊደሉ ወደ ላቲን ተቀየረ። ስለዚህ አያት በአንድ ፊደል ያነበቡትን ቋንቋ የልጅ ልጅ በሌላ ፊደል ይጽፈዋል። ፊደሉ ይኸ ይሁን ያ ይሁን ብዬ ልከራከር አይደለም፤ እኔ ጌዴኦኛ አልችልም፣ ለመናገርም አይገባኝም። ግን እዚህ መጥታ ባዮሎጂ ላስተምር የምትል ሰው ይህን ሳታውቅ ክፍል ብትገባ አይሆንም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚጠብቃት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በጌዴኦኛ ተምሮ፣ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ወስዶ፣ አሁን ደግሞ ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ እየሰማ ያለ ነው። አንድ ልጅ፣ ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል።

ወደ ግቢው ልመለስ። የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተብሎ ዲላ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ፖሊሲው አንደኛ ደረጃን በየብሔረሰቡ ቋንቋ አደረገ፤ ትምህርት ቤት በየቦታው መከፈት ጀመረ፤ አንደኛ ደረጃ የገባው ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ በር ላይ መቆሙ አይቀርም። መምህር ከየት ይምጣ? ደቡብ ላይ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ዲላ ነው። በ1992 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሐዋሳ ግብርና ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር ተጠቃልሎ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ ኦዳያኣ የሚባል ሰፊ ካምፓስ ጨምሯል፣ ሆስፒታል አለው፣ የሚሰጠው የትምህርት ዓይነት ብዙ ነው። መምህርነት ከብዙ በሮች አንዱ ሆኗል። እኔ የፈለግሁት የመጀመሪያውን በር ስለሆነ ወደ ትምህርትና ሥነ ባህርይ ሳይንስ ክፍል ነበር ያመራሁት።

መንገድ ላይ የገባኝ ነገር፦ ስለ መምህር ሥልጠና ያለን ክርክር ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ የሚሽከረከር ነው። የማስተማር ጥበቡ የት ይግባ? ከትምህርቱ ጋር ጎን ለጎን፣ ወይስ ከትምህርቱ በኋላ?

ለብዙ ዓመታት መልሱ «ጎን ለጎን» ነበር። የትምህርት ፋኩልቲ የገባ ተማሪ አራት ዓመት ፊዚክሱንም ፔዳጎጂውንም አብሮ ይወስዳል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 ቴሶ የተባለው ማሻሻያ መጣ። ጎን ለጎን መሆኑ ቀርቶ አልቀረም፤ ዓመቱ ግን ወደ ሦስት ተቆረጠ፣ ሠልጣኙ ቶሎ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተደረገ፣ «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል የሁሉም አፍ ላይ ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነበር። መቼስ ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ይወዳል፤ መምህሩ «ተማሪው ይናገር» ተብሎ በሠለጠነበት በዚያው ሰሞን፣ ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ተሰቀለ። የዚያ ዘመን ተማሪ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በፈጣን እንግሊዝኛ ይመጣል፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ይወስዳል፤ «አሁን መምህራችሁ ያብራሩላችኋል» ሲል መምህሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ስክሪኑ ይቀጥላል። በአራት ኪሎ ይሁን በዲላ፣ በጎዴ ይሁን በመተማ አንድ ዓይነት ትምህርት ይድረስ የሚለው ዓላማ ፍትሕ ያለበት ነው፤ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት መምህር ማድረስ ነበር ሐሳቡ። መምህር ባለበት ግን መምህሩን ማብሪያ ማጥፊያ አደረገው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ የክፍላችን ፕላዝማ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ኮት እንሰቅልበታለን።

እ.ኤ.አ. በ2011 መልሱ ተቀየረ። ከእንግዲህ «በኋላ» ተባለ። መጀመሪያ ንጹሑን ባዮሎጂ፣ ንጹሑን ሒሳብ ተማር፤ ዲግሪህን ያዝ፤ ከዚያ አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ተማር። ይኸ ነው ፒጂዲቲ። ምክንያቱ መምህራኑ የትምህርቱን ይዘት በደንብ አያውቁትም የሚል ነበር። ሥነ ልቦናው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ አካታች ትምህርቱ፣ የየትምህርቱ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ተግባራዊ ምርምሩ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ መለማመዱ፣ ሁሉም አንድ ዓመት ውስጥ ይታጨቃል።

እዚህ ላይ እኔ አቋም አለኝ። አንድ ዓመት ያንሳል። ደግሞም ይዘቱን ለብቻው ተምሮ ዘዴውን ለብቻው ማምጣት ሲሚንቶውንና አሸዋውን በተለያየ ቀን እንደማፍሰስ ነው። ግን ፒጂዲቲ አንድ ነገር አድርጓል፤ ሲነገርለት ሰምቼ አላውቅም። «መምህር ልሁን?» የሚለውን ጥያቄ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ላይ አንሥቶ ዲግሪ ለያዘ አዋቂ ሰው ሰጠው። ከቆሎ ተማሪው በኋላ መምህርነትን በእግር ሄዶ መምረጥ የሚቻልበት በር ተከፈተ ማለት ነው። በሩ ተከፈተ እንጂ ሰው እየመረጠ ገባ ማለት አልችልም። ብዙው ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ የሚገባበት ሆነ። «ምን ላድርግ ብለሽ ነው» የሚለውን መልስ የማትሰሙበት የፒጂዲቲ ክፍል ያለ አይመስለኝም።

ዲላም ሰማሁት። ከክፍሉ ውጪ ዛፍ ጥላ ሥር ማስታወሻ የሚገለብጥ አንድ ሠልጣኝ አግኝቼ ስለ ፕሮግራሙ ጠየቅሁት። የወናጎ ልጅ ነው፣ ኬሚስትሪ ነው ያጠናው።

«አንቺ ግን ከሥራሽ ለቀሽ ነው ወደዚህ የምትመጪው?» አለኝ መልሶ። «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጬ ነው። ምን ላድርግ ብለሽ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን...» ብሎ ዝም አለ። «ልምምድ የወጣን ቀን አንዲት ልጅ አሲድ ምንድን ነው አለችኝ። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። በጌዴኦኛ ስለ ቆጮ ነገርኳት፤ ተፍቆ ሲቀበር ለምን እንደሚኮመጥጥ። ‹እሱ ነው እንዴ?› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ይሻለኛል።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን በቴሶም፣ በፕላዝማም፣ በፒጂዲቲም የተፈለገው ይኸው አይደለም? ንጹሕ ኬሚስትሪውን ባያውቅ ኖሮ ቆጮው ውስጥ ያለውን አሲድ አያየውም ነበር፤ ዘዴውን ባይለማመድ ልጅቷ ፊት አይቆምም ነበር፤ የወናጎ ልጅ ባይሆን ደግሞ ቆጮው ትዝ አይለውም ነበር። ሦስተኛውን የትኛውም ሥልጠና አይሰጥም። እኔ የለኝም። ተመድቦ ወይም መርጦ ከሌላ ቦታ የሚመጣ መምህር ሁሉ የለውም፤ አጎቴም ሲዳሞ ሲደርስ አልነበረውም። እንዴት እንዳገኘው ስጠይቀው «ሴቶቹ ቡና ሲጠሩኝ አልቀርም ነበር» ነው ያለኝ።

በማግሥቱ ወናጎ ሄድኩ። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ሲወርዱ ነው፣ ቅርብ ነው። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ጌዴኦን ሲያይ መጀመሪያ የሚቸግረው እርሻው የት ተጀምሮ ደኑ የት እንዳበቃ መለየት ነው። አይለይም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ሌላው። ቁልቁለቱ አናት ያዞራል፤ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ነው፤ አፈሩ ግን አልሄደም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የጌዴኦን ባህላዊ መልክአ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለዚህ ነው፤ ከእርሻው ጋር የተከበሩት ደኖችና በየጋራው ያሉት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችም አሉበት። ዶክተር ታደሰ ኪጴ ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ አምስት ሺህ ዓመት ይልና መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያኖራል። ያችን የጥያቄ ምልክት ወድጃታለሁ።

እኔ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ምህዳር ስማር ምሳሌዎቹ የሌላ አገር ሐይቅና የሌላ አገር ደን ነበሩ። ወናጎ ላይ አንድ ጓሮ ውስጥ ቆሜ የሦስት ዓመት ማስታወሻዬ ግማሹ እዚያ በቅሎ አየሁት። ይህን ያቆመው ዕውቀት ደግሞ ትምህርት ቤት አልገባም። አባት ለልጁ፣ እናት ለልጇ፣ በባሌ ሥርዓት ታላቁ ለታናሹ፣ በሶንጎ ላይ ሽማግሌው ለጎልማሳው ሲያስተላልፍ የኖረ ነው። ማንም ሠልጥኖ አልተመደበለትም። ቤቱን ያሳየችኝ እናት ከእንሰቱ ሥር እያጎነበሰች ቅጠል ስታነሣ የሰባት ዓመት ልጇ ምንም ሳይባል ከኋላዋ ሌላውን ያነሣ ነበር። የግል ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓመት «ገባችሁ?» እያልኩ የጮህኩት ትዝ አለኝ።

ከመመለሴ በፊት ግቢው ውስጥ ስለ ምዝገባው የሚያውቅ አንድ መምህር አናገርኩ። ሁለት መንገድ አለ አለኝ። በግሌ ከፍዬ ልማር እችላለሁ፤ ስጨርስ ነፃ ነኝ፣ ሥራውን ራሴ ፈልጌ አገኛለሁ፣ ወይም አላገኝም። አለዚያ መንግሥት ልኮኝ ልማር፤ ክፍያ የለብኝም፣ ሥራም አለኝ፤ የምሠራበትን ቦታ ግን እኔ አልመርጥም።

«ምደባ ነው ማለት ነው» አልኩት።

«ምደባ ነው» አለኝ። «ምርጫ ያስሞሉሻል፤ ቦታ ካለ ያዩልሻል።»

የግሉን ገንዘብ ቆጠርኩት፤ ሁለት ዓመት ካስቀመጥኩት በትንሹ ያልፋል። እናቴ መንግሥት ይላክሽ ትላለች። አጎቴ ስልክ ላይ ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ሰማኝና «ቡናው ደርሷል?» ብሎ ጠየቀኝ። ፎርሙን እስካሁን ይዤዋለሁ። አንደኛ ምርጫ የሚለው ላይ ወናጎ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛው ባዶ ነው።